የፍሬሽወተር ነጭ ገደሎችና ልዑል ዓለማየሁ
(በዋይት ደሴት የተደረገ የታሪክ ጉብኝት)

መግቢያ

ስለ ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ የሚነገረው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቦታዎችን ብቻ ያገናኛል። ይኸውም ከመቅደላ ተነሥቶ በዊንድሰር መቃብር ይፈጸማል። በሁለቱ መካከል ያሉት ዐሥራ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ግን እንደ መንገድ እንጂ እንደ ኑሮ ሲቆጠሩ አይታይም። እኛም ብንሆን ይህን ጥናት ከመጀመራችን አስቀድሞ የምናውቀው ከዚህ የበለጠ አልነበረም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከእነዚያ ዓመታት የመጀመሪያውን አጭር ክፍል፥ ማለት ሕፃኑ ልዑል በ1868 የአውሮፓ በጋ በእንግሊዝ አገር በዋይት ደሴት፥ ፍሬሽወተር በተባለው የባሕር ዳር መንደር የቆየበትን ጊዜ መመርመር ነው። ፍሬሽወተር በነጭ የጠመኔ ገደሎቹ የታወቀ ስፍራ ነው። ስለዚህ ቦታውን ሳያዩ ስለ ቦታው መጻፍ ጎደሎ መስሎ ስለታየን፥ ሦስት ሆነን ገደሎቹን ለመጎብኘት ሄድን። ያየነውን ካነበብነው ጋር በማስተያየት የደረስንበትን ሐሳብ ለጓደኞቻችን ተማሪዎችና ለመምህራኖቻችን ከዚህ ቀጥሎ እናቀርባለን።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት፥ «ዓ.ም.» የሚል ካልተጨመረባቸው በስተቀር፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እንለምናለን።

የገደሎቹ አቀማመጥ

ከሎንዶን በባቡር ወደ ደቡብ ተጉዘን፥ ብሮክንኸርስት በተባለው ጣቢያ ባቡር ለወጥንና ሊሚንግተን ከምትባለው ወደብ ደረስን። ከዚያም በመርከብ ሶለንት የተባለውን ጠባብ ባሕር ተሻግረን፥ ያርመዝ ላይ ወደ ደሴቱ ወረድን። ደሴቱ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ 36 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። ከሰሜን ለሚመጣ ሰው ነጩ ገደል ፈጽሞ አይታየውም። የሚታየው ሣር የለበሰና ቀስ እያለ ወደ ላይ የሚወጣ ኮረብታ ብቻ ነው። ይህን ኮረብታ ከፍሬሽወተር የባሕር ወሽመጥ ጀምረን ሽቅብ ስንወጣ፥ ምድሩ በድንገት አለቀና ከአፋፉ ላይ ቆምን። ከእግራችን በታች ግድግዳ የመሰለ ነጭ ገደል፥ ከገደሉ በታች አረንጓዴ ባሕር ነበረ። በደጋው አገራችን ሜዳ ሜዳውን ሲሄድ ቆይቶ ሳያስበው ከገደል አፋፍ ላይ የደረሰ መንገደኛ ይህን ስሜት ያውቀዋል።

ኮረብታው ቀድሞ ሃይ ዳውን ይባል ነበር። ባለቅኔው ሎርድ ቴኒሰን ከ1853 ጀምሮ በግርጌው በሚገኘው በፋሪንግፎርድ ቤት ይኖር ስለነበር፥ በኋላ በስሙ ቴኒሰን ዳውን ተባለ። ከፍታው ከባሕር በላይ 147 ሜትር ሲሆን፥ በጫፉ ላይ በ1897 ለባለቅኔው መታሰቢያ የቆመ የድንጋይ መስቀል አለ። ከመስቀሉ ወደ ምዕራብ መንገዱን የቀጠለ ሰው የደሴቱ ምድር ከሚያልቅበት ላይ ይደርሳል። በዚያም ኒድልስ፥ ማለት መርፌዎች፥ የተባሉ ሦስት ነጫጭ ዐለቶች ከባሕር ውስጥ ተራ ገብተው ቆመዋል። በመጨረሻው ዐለት ሥር በ1859 የተሠራ የመርከበኞች የመብራት ማማ አለ።

ይህ ነጭ ድንጋይ በየትምህርት ቤቱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንጽፍበት ያደግነው የጠመኔ ዘር ነው። የምድር ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፥ ጠመኔ የተገኘው ከዓይን ከተሰወሩ ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት ልባስ ነው። እነዚህ ፍጥረታት ሲሞቱ ልባሳቸው በጥልቅ ባሕር ወለል ላይ እየዘነበ፥ በብዙ ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ተደራርቦ ደነደነ። ይህም የሆነው በግምት ከ100 ሚሊዮን እስከ 66 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ባለው ዘመን ነው። በኋላም የአልፕስ ተራሮችን ያነሣው የምድር ግፊት የደሴቱን ንጣፍ ድንጋይ አጥፎ ወደ ላይ አቆመው። በገደሉ ፊት ላይ የሚታዩት ጥቁር የባልጩት መሥመሮች አግድም ሳይሆኑ ሽቅብ ያዘነበሉት በዚህ ምክንያት ነው። ይኸው የጠመኔ ጀርባ ቀድሞ ከደሴቱ ወደ ምዕራብ ቀጥሎ በዶርሴት ምድር ካሉት ነጭ ዐለቶች ጋር የተያያዘ ነበር። ባሕሩ መካከሉን በልቶ ለያያቸው።

በነሐሴ ወር 1868 ቶማስ ሄንሪ ሃክስሊ የተባለው ሊቅ በኖሪች ከተማ ለሠራተኞች ስለ አንድ ቁራጭ ጠመኔ ንግግር አድርጎ ነበር። ያ ንግግር ከዚያ ወዲህ በእንግሊዝኛ ሳይንስን ለሕዝብ በማስተማር ረገድ እንደ ምሳሌ ሲጠቀስ ኖሮአል። በዚያው በጋ የሰባት ዓመቱ ዓለማየሁ በዚሁ ድንጋይ አጠገብ ይኖር ነበር። በሁለቱ ነገሮች መካከል የጊዜ መገጣጠም እንጂ ሌላ ግንኙነት የለም። ሆኖም የዘመኑን መንፈስ ለማስተዋል ይጠቅማል። የዚያ ዘመን እንግሊዞች በእግራቸው ሥር ያለውን ድንጋይም ሆነ ከሩቅ አገር የመጣውን ሰው እየመረመሩ ስም በመስጠትና በመመዝገብ ሥራ የተጠመዱ ነበሩ።

ምሽጉና መንደሩ

ገደሎቹን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው የተፈጥሮ ውበትን ብቻ እንደሚመለከት ይመስለዋል። እኛም መጀመሪያ እንደዚሁ መስሎን ነበር። ነገር ግን ዘወር ዘወር ስንል በየአፋፉ ላይ የጦር ሥራ አገኘን። በፍሬሽወተር ወሽመጥ ምዕራባዊ ጥግ ላይ በ1855 እና በ1856 የተሠራ ምሽግ አለ። በኒድልስ በላይ ባለው አፋፍ ላይ ደግሞ ከ1861 እስከ 1863 የተሠራ የመድፍ ምሽግ ይገኛል። ሁለቱም የታሰቡት ፈረንሳዮች በባሕር መጥተው የፖርትስመዝን የጦር ወደብ እንዳይወጉ ለመከላከል ነው።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። እንግሊዝ በባሕር ማዶ ባላት ኃይል ከፍተኛ በሆነችበት በዚያ ዘመን እንኳ፥ የገዛ ባሕር ዳሯን እንደ ስጉ ሰው ትጠብቅ ነበር። ሕፃኑ ዓለማየሁ በመጣበት ጊዜ የኒድልስ ምሽግ ከተፈጸመ 5 ዓመቱ ነበር። እንግዲህ ልዑሉ ከአንድ የጦር ዐምባ ተወስዶ ወደ ሌላ የጦር አፋፍ አጠገብ ደረሰ ቢባል ከእውነት መራቅ አይሆንም። ልዩነቱ በዚህኛው አፋፍ ላይ ያሉት መድፎች አለመተኮሳቸው ነው።

የገደሉ የጦር ታሪክ በዚያ አላበቃም። ከ1956 እስከ 1971 ድረስ በኒድልስ በላይ ባለው አፋፍ ላይ ብላክ ናይትና ብላክ አሮው የተባሉት የእንግሊዝ ሮኬቶች ሞተር ይፈተን ነበር። የሲሚንቶው መደብ ዛሬም ይታያል። ከዚያ አስቀድሞም በ1897 ማርኮኒ ያለ ሽቦ የሚላክ መልእክት ከዚያው አካባቢ ከአለም ቤይ ሞክሮአል። ይህን ሁሉ የምንጠቅሰው ነጩ ገደል ባዶ የተፈጥሮ ሥዕል ሳይሆን በየዘመኑ የመንግሥት ሥራ የሚሠራበት ቦታ እንደነበረ ለማሳየት ነው።

በመንደሩ በኩል ስንመለከት ግን ሌላ ነገር እናገኛለን። ሎርድ ቴኒሰን ከ1850 ጀምሮ የንግሥቲቱ ባለቅኔ ስለነበረ፥ በእሱ ምክንያት ጸሐፊዎችና ሠዓሊዎች ወደ ፍሬሽወተር ይመላለሱ ነበር። በ1815 በካልከታ የተወለዱት ወይዘሮ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮንም በ1860 በፍሬሽወተር ቤት ገዝተው ዲምቦላ ብለው ሰየሙት። ስሙም ባላቸው በሴሎን ካላቸው ርስት የተወሰደ ነው። ወይዘሮዋ በ1863 መጨረሻ ልጃቸው የፎቶግራፍ መሣሪያ ሰጠቻቸውና፥ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዘመኑ ከታወቁት ፎቶግራፍ አንሺዎች አንዷ ሆኑ። ዲምቦላ በኋላ ዘመን የፎቶግራፍ ቤተ መዘክር ሆኖአል።

ሕፃኑ ወደ ገደሉ የመጣበት መንገድ

እንደሚታወቀው ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፥ ማለት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኤፕሪል 13 ቀን 1868፥ በትንሣኤ ማግሥት፥ የጄኔራል ናፒየር ጦር መቅደላን ያዘ። ዐፄ ቴዎድሮስም እጃቸውን ላለመስጠት ሲሉ ራሳቸውን ገደሉ። የእንግሊዝ ጦር ምርኮኞቹን ካስፈታና የዐምባውን ንብረት ከዘረፈ በኋላ ወደ ባሕር ሲመለስ፥ እቴጌ ጥሩወርቅንና ልጃቸውን ዓለማየሁን ይዞ ነበር። እቴጌይቱ በመንገድ ታመው በትግራይ ዐረፉና በጨለቆት ተቀበሩ። በዚህ ዓይነት ሕፃኑ በሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አባቱንም እናቱንም አጣ።

ሕፃኑ የተሰጠው ለካፒቴን ትሪስትራም ስፒዲ ነበር። ስፒዲ ቀድሞ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘንድ ያገለገለ፥ ባሻ ፈለቀ የሚል የአማርኛ ስም የነበረውና ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ነው። ከዘመቻው ጋርም በአስተርጓሚነት መጥቶ ነበር። የሕፃኑ መምህር እንዲሆኑ ታስበው የነበሩት የንጉሡ ታሪክ ጸሐፊ አለቃ ዘነብ ግን ወደ እንግሊዝ ሳይሻገሩ እንዲመለሱ ተደረጉ። በአንድ በኩል አማርኛ የሚችል እንግሊዛዊ ሞግዚት ሆነ፤ በሌላ በኩል አማርኛ የሚጽፍ ኢትዮጵያዊ መምህር ከመንገድ ቀረ። ይህ ነገር በልዑሉ በኋላ ሕይወት ላይ ያመጣው ውጤት ከፍ ያለ ይመስለናል።

ሕፃኑ በሐምሌ ወር 1868 ፕሊመዝ ላይ ከመርከብ ወረደ። በዚያው ወር ንግሥት ቪክቶሪያ በዋይት ደሴት በሚገኘው በኦዝበርን ቤተ መንግሥታቸው ተቀበሉት። ንግሥቲቱ ለሕፃኑ አዘኑለት፤ ከዚያም በኋላ ስለ ደኅንነቱ መጠየቃቸውን አልተዉም። ኦዝበርን በደሴቱ ሰሜን ምሥራቅ ነው። ስፒዲ ሕፃኑን ይዞ ወደ ደሴቱ ምዕራብ፥ ወደ ፍሬሽወተር መጣ። ስፒዲ በዚያው ዓመት መጨረሻ ያገባት የሚስ ኮተን ቤተ ዘመድ አፍተን ማነር በተባለው ቤት በፍሬሽወተር አጠገብ የሚኖር ነበር። ስለዚህ ቦታው ለሞግዚቱ የዕጮኛው አገር፥ ለሕፃኑ ግን ፈጽሞ ያላሰበው ባሕር ዳር ነበር።

ፎቶግራፎቹ ምን ይመሰክራሉ?

ከዚያ በጋ ለእኛ የደረሰው ዋና ምስክር ወይዘሮ ካሜሮን ያነሡአቸው ፎቶግራፎች ናቸው። በአንዳንዶቹ ሕፃኑ ብቻውን፥ በአንዳንዶቹ ከስፒዲ ጋር ይታያል። ስፒዲም የኢትዮጵያን ልብስ ለብሶአል። ካሳ የተባለ ኢትዮጵያዊ አገልጋይም እንዲሁ ተነሥቶአል። ከሥዕሎቹ አንዳንዶቹ ዛሬ በሎንዶን ቤተ መዘክሮች ይገኛሉ። ሕፃኑ በማናቸውም ላይ ሲስቅ አላየንም።

በዚህ ላይ ከመካከላችን ክርክር ተነሣ። አንዱ ጓደኛችን፥ «ይህ ፊት ያዘነ ሕፃን ፊት ነው፤ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም» አለ። ሁለተኛው ግን፥ የዚያን ዘመን የፎቶግራፍ ሥራ ሳያውቁ ከፊት ላይ ኀዘንን ማንበብ ትክክል እንዳልሆነ ተናገረ። ነገሩን ስንመረምር የሁለተኛው ሐሳብ መሠረት ያለው ሆኖ አገኘነው። በዚያን ጊዜ ሥዕሉ የሚወጣው በመድኀኒት በተቀባና ገና እርጥብ በሆነ መስተዋት ላይ ነው። ወይዘሮ ካሜሮን ትልልቅ መስተዋት ይጠቀሙ ስለነበረ፥ የሚነሣው ሰው ለደቂቃዎች ሳይንቀሳቀስ መቀመጥ ነበረበት። ይህን ያህል ጊዜ ፈገግታን ይዞ መቆየት የሚችል ሰው የለም። በወይዘሮዋ ሌሎች ሥዕሎች ላይ ያሉት የእንግሊዝ ልጆችም ቢሆኑ አብዛኞቹ ዝም ያሉ ናቸው። ስለዚህ የሕፃኑ ኀዘን እውነት መሆኑን ከእናቱና ከአባቱ ሞት እናውቀዋለን እንጂ፥ ከፎቶግራፉ ብቻ አውጥተን ልናስረዳ አንችልም።

ፎቶግራፎቹ የሚሰውሩት ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ ይህንም ያስተዋልነው ወደ ቦታው ከሄድን በኋላ ነው። ወይዘሮ ካሜሮን ፎቶግራፍ የሚያነሡበት ክፍል ቀድሞ የዶሮ ቤት የነበረ፥ ባለ መስተዋት ትንሽ ቤት ነበር። ከበስተኋላ የሚታየው ጨርቅ ወይም ጨለማ ነው። በሥዕሎቹ ላይ ባሕር የለም፤ ነጭ ገደል የለም፤ የእንግሊዝ ሣርም የለም። የሚታየው የኢትዮጵያ ልብስ፥ ጋሻና ጦር ብቻ ነው። ሥዕሉን በሎንዶን የገዛ ሰው ሕፃኑን በሐበሻ ምድር እንዳለ አድርጎ ያየዋል። እውነቱ ግን ሕፃኑ ከዚያች ክፍል ሲወጣ፥ በጥቂት ደቂቃ የእግር መንገድ ከወሽመጡ ዳር መድረስ ይችል ነበር። እንግዲህ ፎቶግራፉ ሕፃኑን ከነበረበት ቦታ አውጥቶ፥ ከተወሰደበት አገር ውስጥ መልሶ አስቀመጠው ማለት ነው። የታሪክ ተማሪ ሥዕሉን ከቦታው ጋር አስተያይቶ ካላየ ይህን ስሕተት ሊደግመው ይችላል።

ሌላም የምንጨምረው አለ። ሕፃኑ፥ ካሳና ስፒዲ ሦስቱም አማርኛ የሚያውቁ ነበሩ። ስለዚህ በ1868 በጋ በእነዚህ ገደሎች ሥር አማርኛ ይነገር ነበር ብለን ብናስብ መሠረተ ቢስ ግምት አይሆንም። እኛም በአፋፉ ላይ ተቀምጠን ምሳችንን ስንበላ ይህን ነገር ተነጋገርንበት። በመጽሐፍ ስናነብ ያላሰብነው ነገር ነበርና፥ ለጊዜው ሁላችንም ዝም አልን።

ገደሉስ ምን ይመስክር?

ከዚህ ቀጥሎ ራሳችንን የጠየቅነው፥ «ያየነው ገደል ዓለማየሁ ያየው ገደል ነውን?» የሚል ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን እንዳሰብነው አልሆነም። በፍሬሽወተር ወሽመጥ ውስጥ ከገደሉ ተለይተው የቆሙ ዐለቶች አሉ። ከእነዚህ አንዱ፥ አርች ሮክ የተባለው፥ መካከሉ ተበስቶ እንደ ቅስት የቆመ ነበር። በ1868 በቦታው ነበረ። በጥቅምት ወር 1992 ግን ባሕሩ አፈረሰው፤ እኛ ያገኘነው ጉቶውን ብቻ ነው። በአንጻሩ መርሜይድ ሮክ የተባለው ዐለት የተፈጠረው በ1968 ከገደሉ ላይ በወደቀ ድንጋይ ስለሆነ፥ ሕፃኑ ሊያየው አይችልም ነበር። በኒድልስም ቢሆን ቀድሞ አራተኛ ዐለት ነበረ። ቀጭንና ረጅም ስለነበረ የሎጥ ሚስት ይሉት ነበር። በ1764 በማዕበል ወደቀ። ዛሬ ያሉት ሦስቱ ዐለቶች ወፍራም ሆነው ሳለ መርፌ መባላቸው ከወደቀው ዐለት በቀረ ስም ነው።

ከዚህ የምንማረው፥ ቦታም ቢሆን ራሱ እንደ ሰነድ መመርመር እንዳለበት ነው። ብዙ ጊዜ «ሰው ያልፋል፤ ምድር ግን ትኖራለች» እያልን ቦታን እንደማይለወጥ ምስክር እንቆጥራለን። የጠመኔ ገደል ግን በየክረምቱ የሚቀንስ ምስክር ነው። አንዳንዱን ነገር ይደመስሳል፤ አንዳንዱን አዲስ ይጨምራል፤ ስሙ ብቻ ሳይለወጥ ይቀራል። ስለዚህ የጎብኚ ዓይን ከካርታና ከጽሑፍ ጋር ካልተባበረ ይታለላል።

ሆኖም ጉብኝታችን ከንቱ አልነበረም። ሕፃኑ የመጣበትን ዐምባና የደረሰበትን ገደል ማስተያየት ችለናል። መቅደላ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጥቁር ዐለት ነው። ድንጋዩም ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ሆድ በእሳት ቀልጦ የፈሰሰ ነው። የፍሬሽወተር ገደል 147 ሜትር ብቻ ሲሆን ድንጋዩ በውኃ ውስጥ የተወለደ ነጭ ነው። መቅደላ ላይ የቆመ ሰው ከበታቹ የሚያየው ሸለቆና ሌላ ተራራ ነው፤ ከሸለቆው ባሻገር ያለው ሁሉ በእግር የሚደረስበት አገር ነው። በፍሬሽወተር አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ግን የሚያየው ባሕርን ብቻ ነው። ለሰባት ዓመት ሕፃን ይህ ልዩነት ምን ያህል እንደሚከብድ ለመናገር ከአፋፉ ላይ ለጥቂት ጊዜ መቆም በቂ ሆኖ አግኝተነዋል። ከዐምባ ለወረደ ሰው መንገድ አለ፤ ከዚህ ገደል በኋላ ግን መርከብ የሌለው ሰው የትም አይሄድም።

እንግዳ ነበር ወይስ ምርኮኛ?

በመመለሻችን መርከብ ላይ የመጨረሻው ክርክራችን ይህ ነበር። በዊንድሰር በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ያለው የመታሰቢያ ጽሑፍ ልዑሉን ተቀባይ እንዳገኘ እንግዳ አድርጎ ይናገራል። ከመካከላችን አንዱ ይህን ደገፈ። ንግሥቲቱ አዝነውለታል፤ ስፒዲም እንደ አባት ሆኖለታል፤ በአገሩ ቢቀር የአባቱ ጠላቶች ይጎዱት ነበር የሚል ምክንያትም ተሰጥቶአል፤ ስለዚህ ምርኮኛ ማለት ይከብዳል አለ። ሌላው፥ በጦር ኃይል ከተያዘ ዐምባ የተወሰደ የንጉሥ ልጅ ምርኮኛ እንጂ ሌላ ስም የለውም ሲል መለሰ።

እኛ ሦስታችን በመጨረሻ የተስማማንበት ሐሳብ የሚከተለው ነው። የተደረገለት ደግነት ሐሰት አልነበረም፤ ይህን መካድ ታሪክን ማጉደል ይሆናል። ነገር ግን እንግዳ ማለት ሲመሽበት የሚገባ፥ ሲነጋለት በፈቃዱ የሚሄድ ሰው ነው። ዓለማየሁ መሄጃውን ወስኖ አያውቅም። ከፍሬሽወተር ወደ ህንድ ሲሄድ ሞግዚቱ የተሾመበትን ተከትሎ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የመንግሥት ሹማምንት ትምህርቱን ምክንያት በማድረግ ከስፒዲ ሲለዩት፥ ንግሥቲቱ እንኳ ከስፒዲ ጋር እንዲቆይ ይወዱ ነበር። ውሳኔው ግን የሹማምንቱ ሆነ። በዚያን ጊዜ ቋንቋውን የሚያውቅለትን የቅርብ ሰው አጣ። ከዚያ ራግቢ ትምህርት ቤት፥ ከዚያ የሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ። በመጨረሻም ኖቬምበር 14 ቀን 1879 በሊድስ ከተማ አጠገብ በ18 ዓመቱ በሳንባ ሕመም ሞተ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ በራሱ ምርጫ የተደረገ አንድም ታላቅ ነገር አላገኘንም። ስለዚህ ደግነት የተደረገለት ምርኮኛ ነበር ማለት ለእውነቱ የቀረበ መስሎ ይታየናል።

ይህ ክርክር ያለፈ ነገር ብቻ እንዳልሆነ አንባቢ ያውቃል። በ2007 ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ዐፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ ጠይቀው ነበር። በ2023 የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት፥ በዚያው ስፍራ የተቀበሩትን የሌሎችን ዐፅም ሳይነኩ የእሱን ማውጣት እንደማይቻል ገልጾ ጥያቄውን አልተቀበለም። በዚያው ዓመት በስፒዲ ዘመዶች እጅ ቆይቶ የነበረ የልዑሉ ጠጉር ለኢትዮጵያ ተሰጠ። ከዚያ አስቀድሞ በ2019 የአባቱ የዐፄ ቴዎድሮስ ጠጉር ከሎንዶን ተመልሶ ነበር። «እንግዳ» የሚለውን ቃል የሚቀበል ሰው፥ መቃብሩ የእንግዳ ማረፊያ ነው ብሎ ሊተወው ይችላል። «ምርኮኛ» የሚለውን የሚቀበል ግን ነገሩ ገና አልተፈጸመም ይላል። በቃላት ምርጫ ላይ ይህን ያህል የደከምነው ስለዚህ ነው።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ እንደገለጽነው፥ ጉብኝታችን ሦስት ነገሮችን አስተምሮናል። አንደኛ፥ በመቅደላና በዊንድሰር መካከል ያሉት ዓመታት በየቦታው ተከፋፍለው መጠናት ይገባቸዋል። ፍሬሽወተር፥ ህንድ፥ ራግቢና ሊድስ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሰነድ አላቸው። ሁለተኛ፥ የወይዘሮ ካሜሮን ፎቶግራፎች ከፍተኛ ዋጋ ያላቸው ቢሆኑም፥ የተነሡበትን ቦታ ስለሚሰውሩ ብቻቸውን ሊታመኑ አይገባም። ሦስተኛ፥ ቦታውም ቢሆን ይለወጣልና እንደ ማንኛውም ሰነድ ተመርምሮ መነበብ አለበት።

ለወደፊቱ ጥናት አንድ ሐሳብ አቅርበን እንሰናበታለን። በየቤተ መዘክሩ ያሉት የልዑሉ ፎቶግራፎች ሁሉ በአማርኛ ዝርዝር ተዘጋጅቶላቸው፥ የተነሡበት ቦታ፥ ዘመንና ሁኔታ ከእያንዳንዳቸው ጋር ቢጻፍ፥ ሥዕሉን የሚያይ የአገራችን ተማሪ የሚያየው የሐበሻ ልብስ የለበሰ ሕፃን ብቻ አይሆንም። ከመስተዋቱ ክፍል ውጭ ያለውን ባሕርና ነጩንም ገደል አብሮ ያያል። ይህን ሥራ ለመጀመር የሚፈልጉ ጓደኞች ቢኖሩ፥ እኛ በበኩላችን ያከማቸነውን ማስታወሻ ለማካፈል ዝግጁ ነን።